«ድምፅ አለው» አይበቃም



አንድ ጥፋቴን በመናዘዝ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያገለገለች ኮሮላ ገዛሁ። ሞተሯ ጤነኛ፣ ቀለሟ ደህና፣ ወንበሯ ያልተቀደደ። ግን ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ስነዳት ከሥር እንደ ወፍጮ ቤት ታጉረመርማለች። ባለቤቴ ከጎኔ ተቀምጣ ስታወራኝ «እ?» ማለት አበዛሁ። እሷም ሰልችቷት በመስኮት ውጭ ውጭውን ማየት ጀመረች። በመጨረሻ ጋራዥ ወሰድኳት፤ መኪናዋን ማለቴ ነው። «ድምፅ አላት» አልኩ። «ወለሏን በድምፅ መከላከያ ምንጣፍ እናልብሳት» አሉኝ። ወንበሮቹ ወጡ፣ ላሜራው ተራቆተ፣ ጥቁር ተለጣፊ ምንጣፍ ከዳር እስከ ዳር ተነጠፈ። የከፈልኩትን እዚህ አልናገርም፤ ባለቤቴ አዳራሹ ውስጥ አለች።

ውጤቱን ልንገራችሁ። የጠጠሩ ቷ ቷ፣ ከሥር የሚመጣው ሹክሹክታ፣ ላሜራው የሚያሰማው መንቀጥቀጥ ሁሉ ጠፋ። ጉርምርምታው ግን አልጠፋም። ይሸፍኑት የነበሩት ትንንሽ ድምፆች ስለሄዱለት ብቻውን ወጥቶ፣ ጥርት ብሎ ይሰማኝ ጀመር። ከፍዬ ያሳመርኩት እሱን ነበር።

ችግሩን ያገኙት አንድ ሽማግሌ ጎሚስታ ናቸው። የሄድኩት ስኮርት ጎማ ላስለጥፍ ነበር። ሥራቸውን ሲጨርሱ በኋላ ጎማዬ ላይ እጃቸውን አሳረፉና «ልጄ፣ እስቲ እጅህን አምጣ» አሉኝ። መዳፌን በጎማው ላይ ወደ ፊት ጎተቱት፤ ለስላሳ ነው። ወደ ኋላ ጎተቱት፤ ያዘኝ። «መጋዝ ሆኗል» አሉ። የጎማው ጥርሶች አንድ ጫፋቸው ተበልቶ ሌላው ጫፋቸው ቀርቶ ነበር። የኋላውን ፓራውልት በሁለት እጃቸው ተጭነው ለቀቁት። መኪናዋ ሦስት አራት ጊዜ ተወዛወዘች። «አሞርዛተርህም ሞቷል» ብለው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ከአምስት ደቂቃ በላይ አልፈጀባቸውም።

ዛሬ የምነግራችሁ ከዚያ ቀን ወዲህ የተማርኩትን ነው። ባጭሩ፣ የመኪና ድምፅ ስሙ ሳይታወቅ መሸፈን የለበትም።

በመጀመሪያ ምንጣፉ ለምን እንዳልሠራልኝ ላስረዳ። ድምፅ እንደ ብር አይደመርም። አንዱ 70 ዴሲቤል፣ ሌላው 70 ዴሲቤል የሚጮኹ ሁለት ነገሮች አብረው ሲጮኹ 140 አይሆኑም፤ 73 ነው የሚሆኑት። አንዱ 70፣ ሌላው 60 ከሆነ ደግሞ ድምሩ 70.4 ብቻ ነው። ስለዚህ የ60ውን አሳዳችሁ፣ ከፍላችሁ፣ ሙሉ በሙሉ ብታጠፉት ያተረፋችሁት 0.4 ዴሲቤል ነው፤ ይህን ደግሞ ጆሮ አይለየውም። ጆሯችን «በግማሽ ቀነሰ» ብሎ የሚመሰክረው 10 ዴሲቤል ገደማ ሲወርድ ነው። አራት እኩል የሚጮኹ ጎማዎች ካሏችሁና አንዱን ዝም ብታሰኙት የምታገኙት 1.25 ዴሲቤል ነው። ከሁሉ አብልጦ የሚጮኸው ካልተነካ ሌላው ሁሉ ልፋት ነው። ሰው ግን ከሁሉ የሚጮኸውን አይፈልግም፤ ለመሸፈን የሚቀለውን ይሸፍናል። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የድምፁ መንገድ ነው። ከጎማ የሚነሳ ድምፅ ወደ ጆሯችን በሁለት በር ይገባል። ቀጭኑና ከፍ ያለው በአየር በኩል፣ በመስታወቱ፣ በበሩ ላስቲክና ባልተደፈነ ቀዳዳ ይመጣል። ወፍራሙና ዝቅ ያለው፣ በግምት በሰከንድ ከ500 ርግብግቢት በታች ያለው ሁሉ፣ በብረት ነው የሚጓዘው። ከጎማ ወደ ቸርኬ፣ ከቸርኬ ወደ ኩሽኔታ፣ ከዚያ በሞላውና በጎሚኒዎቹ አልፎ አካሏን በሙሉ ያርገበግባል። ይህን ወለል ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ ማስቆም የጎረቤትን ከበሮ መጋረጃ በመዝጋት እንደ ማስቆም ነው።

ነገሩ ዛሬ ከትናንት ይልቅ ለምን እንደሚያሳስበን ልጨምር። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የአዲስ አበባ መንገድ በኤሌክትሪክ መኪና እየተሞላ ነው። ገዢው «ድምፅ የላትም» ተብሎ ይገዛል። በሁለተኛው ሳምንት መጥቶ «ጎማዋ ይጮኻል» ይላል። ጎማዋ ከሌላው ጎማ የተለየ ጩኸት ኖሮት ላይሆን ይችላል። ሞተር የሚባል ሸፋኝ ስለሌላት ነው። በነዳጅ መኪናም ቢሆን ከ40 ወይም ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ እኩል ፍጥነት ይዛችሁ ስትሄዱ አብዛኛው ድምፅ ከጎማና ከመንገድ እንጂ ከሞተር አይመጣም። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ አዲስ ሞዴል የኤሌክትሪክ መኪኖች እግረኛ እንዲሰማቸው ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያሰሙ ግዴታ ተጥሎባቸዋል። ግዴታው እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ጎማው ራሱ ይናገራላ!

እንግዲህ ወደ ፍለጋው እንግባ። መካኒኮቻችን የሚሠሩበት ቋንቋ ጣሊያንኛ ነው ለማለት ምንም አልቀረንም። ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ካምቢዮ፣ ካቻቢቴ፣ ፓራፋንጎ፣ ማርሚታ፣ ሶማሌ ተራ ብትሄዱ ከዚህ ሌላ አትሰሙም። የዕቃው ስም የተዋሰው ነው። የድምፁ ስም ግን የራሳችን ነው፤ በዚህ ደግሞ አማርኛ ሀብታም ነው። አንድ ነገር ያፏጫል፣ ያጓራል፣ ያጉረመርማል፣ ይንኳኳል፣ ይፋጫል፣ ይንሿሿል፣ ይንቀጫቀጫል፣ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ቀጭ ቀጭ ይላል። ይህን ሁሉ ግስ ይዘን ጋራዥ ስንደርስ የምንለው «ድምፅ አለው» ነው። «ምን ዓይነት?» ሲባል፣ «እንጃ፣ ብቻ ድምፅ አለው»። ሐኪም ዘንድ ሄዶ «ያመኛል» ብሎ ዝም እንደ ማለት ነው።

ግሱ ግማሽ ምርመራ ነው። የሚያፏጭ ነገር ብዙውን ጊዜ ነፋስ ነው። ጉድጓድ ላይ የሚንኳኳ ያለቀ ጎሚኒ ወይም የላላ ነገር ነው። መሪ ጥግ ድረስ ሲጠመዘዝ ቀጭ ቀጭ የሚል የፊት እግር ጆይንት ነው። በዝግታ ስትነዱ ቋ፣ ቋ፣ ቋ የሚልና ፍጥነት ስትጨምሩ የሚፈጥን ካለ ወርዳችሁ የጎማውን ጥርስ ተመልከቱ፤ ጠጠር ይሆናል፣ በካቻቢቴ ይወጣል። ጠጠር ካልሆነ ግን የጎማውን ዳዶዎች ፈትሹ። የላላ ዳዶ ይዞ «ቤት ልድረስና» የሚባል ነገር የለም። ባለበት ይቆማል።

አስቸጋሪው የሚያጓራው ነው። ያለቀ ኩሽኔታም፣ መጋዝ የሆነ ጎማም፣ ሸካራ አስፋልትም ያጓራሉ። ሦስቱን መለየት የዚህ ሁሉ ሙያ እምብርት ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

መጀመሪያ ጆሮን ማዘጋጀት። ሬዲዮ ይዘጋ፣ የአየር ማቀዝቀዣው ይጥፋ፣ መስኮቱ ይዘጋ። ከኋላ ሣጥን ውስጥ ክሪኩ፣ ጃሪካኑ፣ የልጆች ብስክሌት ይውጣ። እኔ አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን የፈለግኩት ድምፅ የውኃ ጠርሙስ ሆኖ ተገኝቷል። አንድ ሰው ይንዳ፣ ሌላው ይስማ። ነጂ ጥሩ ሰሚ አይደለም፤ ዓይኑ መንገድ ላይ ነው፣ መሆንም አለበት። ሰሚው ከፊት አንድ ጊዜ፣ ከኋላ አንድ ጊዜ ይቀመጥ። ዝቅ ያለ ድምፅ መኪና ውስጥ አቅጣጫው ይጠፋል። ከኋላ ግራ የሚያጓራ ነገር ከፊት ቀኝ የመጣ ይመስላል። ጆሮ ይሳሳታል፤ ስለዚህ ማስረጃ እንሻለን።

ቀጥሎ አንድ መንገድና አንድ ፍጥነት ምረጡ። ትናንት በቀለበት መንገድ፣ ዛሬ በኮብልስቶን ሰምታችሁ ማወዳደር አይቻልም። የኮብልስቶኑ ድንጋይ ጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትሄዱ ጎማው በሰከንድ 55 ድንጋይ ይረግጣል። ደረታችሁ ውስጥ የሚሰማችሁ እምምታ እሱ ነው። የመኪናዋ ጥፋት የለበትም፤ የድንጋይ ጠራቢው ልክ ነው።

አሁን የመጀመሪያው ጥያቄ፦ መንገዱ ሲለወጥ ድምፁ ይለወጣል? ከአዲስ አበባ በቱሉ ዲምቱ በኩል ወደ አዳማ ስትሄዱ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ የፍጥነት መንገድ አላችሁ። ከአሮጌ ሸካራ አስፋልት ወደ እሱ ስትገቡ ድምፁ በአንዴ ወረድ ካለ፣ የሚጮኸው የጎማና የመንገዱ ግንኙነት ነው። የጎማው ጥርስ አስፋልቱን በጥፊ ይመታል፣ ከጥርሶቹ መካከል አየር ይጨመቃል፣ ይተነፍሳል። ጎማውና መንገዱ የሚገናኙበት ሽብልቅ ቦታ ደግሞ እንደ ጡሩንባ አፍ ሆኖ ያጎላዋል። ኩሽኔታ ግን መንገድ አይመርጥም። በሸካራውም በለስላሳውም እኩል ያጓራል።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ መሪ ሲዞር ይለወጣል? ሰፊና ባዶ መንገድ ፈልጉ፣ በ60 ኪሎ ሜትር አካባቢ በዝግታ ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ወዘወዝ አድርጓት። ወደ ግራ ስትዞሩ ክብደቷ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ያን ጊዜ ማጓራቱ ከጨመረ ብዙውን ጊዜ ጥርጣሬው በቀኝ በኩል ባለው ኩሽኔታ ላይ ነው፤ በተቃራኒውም እንዲሁ። «ብዙውን ጊዜ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ ስለዚህ በእጅ ይረጋገጥ። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁሙ፣ መሬት በቀሩት ጎማዎች ሥር ታኮ አስገቡ፣ በክሪክ አንሡ፣ ጠንካራ መቆሚያ ደግፉበት። በክሪክ ብቻ የተያዘች መኪና ሥር እጅም ሆነ ጭንቅላት አይገባም። ከዚያ ጎማውን በአንድ እጅ አሽከርክሩ፣ በሌላው እጅ ሞላውን ያዙ። ጤነኛ ኩሽኔታ ዝም ይላል። ያለቀው አሸዋ እንደ ገባበት ወፍጮ በሞላው በኩል ጣታችሁን ያንቀጠቅጣል። ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ስትወዘውዙት የሚጫወት ከሆነ ነገ አትበሉ። ይህ የምቾት ጉዳይ መሆኑ አብቅቶ የነፍስ ጉዳይ ሆኗል።

ሦስተኛው ጥያቄ የእጅ ነው፣ የሽማግሌው ጥያቄ። ሞተር ጠፍቶ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ መዳፋችሁን በጎማው ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ከዚያም ከውስጥ ወደ ውጭ አሻሹ። ሽቦ እንዳይወጋችሁ በቀስታ። ወደ አንድ በኩል ለስላሳ፣ ወደ ሌላው የሚይዝ ከሆነ መጋዝ ሆኗል። ከውስጥ ወደ ውጭ ስታሻሹ የሚይዝ ከሆነ ዊል አላይመንቱን አሳዩ። በየተወሰነ ርቀት ጎድጎድ ያለ ነገር ካለ ጎማው እየዘለለ ነው የሚሄደው፣ አሞርዛተሩን ጠይቁ። አሁንም ካልተማመናችሁ የፊቱን ጎማ ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አዘዋውራችሁ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት ንዱ። ድምፁ ቦታ ከቀየረ ወይም ከተለወጠ ጎማ ነው፣ ካልተነቃነቀ ሌላ ነው። ጎኑ ላይ የመዞሪያ ቀስት ያለበት ጎማ ከግራ ወደ ቀኝ እንዳይሻገር ብቻ ተጠንቀቁ።

ዋናው ግን በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ጎማም፣ ኩሽኔታም፣ አሞርዛተርም በአንድ ቀን ቀይሮ «ዳነች» የሚል ሰው መኪናዋን አድኗል፤ የትኛው እንዳዳናት ግን አያውቅም። በሚቀጥለው ጊዜም ሦስቱንም ይቀይራል።

ሂሳብ ለምትወዱ ትንሽ ልጨምር። የኮሮላ 195/65 በ15 የሚባለው ጎማ ዙሪያው ሁለት ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ ስምንት ጊዜ ከትንሽ፣ በ100 ደግሞ 14 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ከሚዞር ነገር የሚመጣ ድምፅ ፍጥነት ሲጨምር አብሮ ይቀጥናል፤ ኩሽኔታም ይሁን የጎማ ጥርስ። የማይቀጥን፣ ቃናውን ሳይለውጥ ብቻ የሚጎላ ድምፅ ካለ ከመዞር አልመጣም። ከእነዚህ አንዱ ጎማው ውስጥ ያለው አየር ነው። ጎማ ከበሮ ነው፤ ጉድጓድ ሲመታ ውስጡ ያለው አየር በዙሪያው ይደውላል። በዚሁ በኮሮላው ጎማ የአየሩ መንገድ 1.6 ሜትር ያህል ነው። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚጓዝ ቃናው በሰከንድ ወደ 215 ርግብግቢት ይሆናል። የድምፅ ቃና የሚያሳይ መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጭናችሁ በ60 እና በ90 ኪሎ ሜትር ለክታችሁ ጫፉ በአንድ ተኩል እጥፍ ከሸሸ የሚዞር ነገር ፈልጉ። 215 አካባቢ ተተክሎ ከቀረ የጎማው ሆድ ነው።

ይህን የሆድ ድምፅ ለማፈን አንዳንድ ፋብሪካዎች ጎማው ውስጥ ስፖንጅ ይለጥፋሉ። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ያጋጥማችኋል። ጎሚስታ ወዳጆቼ፣ ጎማ ስትፈቱ ስፖንጅ ብታገኙ ቆሻሻ መስሏችሁ ሙሉውን አትገንጥሉት። ቀዳዳው ያለበት ቦታ ላይ ያለው ብቻ ይነሣ።

ነፋስን በሁለት አረፍተ ነገር ላሳልፈው። የቀለም ቀቢ የወረቀት ፕላስተር ገዝታችሁ የበሩን ክፍተት አንድ በአንድ ለጥፉና ንዱ፤ ፉጨቱ የጠፋበት በር ጥፋተኛው ነው። የመቶ ብር ኖት በሩና ላስቲኩ መካከል አስገብታችሁ ዝጉና ሳቡ፤ ሳይታገል ከወጣ ላስቲኩ ሞቷል፣ መቶ ብሩንም መልሳችሁ ኪሳችሁ ክተቱ።

ጎማ ስትገዙስ? በአውሮፓ የሚሸጥ ጎማ ላይ የዴሲቤል ቁጥር ያለበት ምልክት አለ። ያ ቁጥር ጎማው በ80 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ በመንገድ ዳር ያለ ማይክሮፎን የሰማው ነው። ጎረቤታችሁን እንጂ እናንተን አይመለከትም። ከውጭ ጸጥ ያለ ጎማ ከውስጥ ሊያጓራ ይችላል። እኔ ከሱ ይልቅ የማየው ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች ነው። 3519 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ላስቲክ ሲያረጅ ይደርቃል፣ የደረቀ ላስቲክ ይጮኻል፣ እርጥብ መንገድም ላይ አይዝም። ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ ብቻ «አዲስ ነው» እየተባለ የሚሸጥ ያረጀ ጎማ አለ። ቁጥሩን ሳታነቡ አትክፈሉ። ንፋስ ስትሞሉም በነጂው በር አጠገብ የተለጠፈውን ቁጥር ተከተሉ። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ እንደ ድንጋይ ይሆናል፣ የመንገዱንም ጠባሳ ሁሉ ወደ ውስጥ ያስተላልፋል።

የድምፅ ምንጣፍ ሻጮች ካላችሁ አትቀየሙኝ። ምንጣፍ ጥቅም አለው። ጎማው ጤነኛ፣ ኩሽኔታው ጤነኛ፣ አሞርዛተሩ ጤነኛ ሆኖ የላሜራው መንቀጥቀጥ ብቻ ሲቀር ጥሩ ሥራ ይሠራል። ተራው ግን የመጨረሻው ነው። ያለቀ ኩሽኔታ ላይ ምንጣፍ የሚያነጥፍ ሰው የጭስ ማንቂያ ደወል ጮኸብኝ ብሎ በትራስ እንደሚያፍን ሰው ነው።

የኔ ኮሮላ ሁለት አሞርዛተር፣ ሁለት ጎማና አንድ ዊል አላይመንት ወስዳ ዝም አለች። ሁሉም ተደምሮ ለምንጣፉ ከከፈልኩት ያንሳል። ባለቤቴም ማውራት ጀምራለች፤ አንዳንዴ ጉርምርምታው ይናፍቀኛል።

አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፦ «መኪናዬ ድምፅ አላት» ብላችሁ አትጀምሩልኝ። ምን ታደርጋለች? ታፏጫለች፣ ታጓራለች ወይስ ትንኳኳለች? በስንት ኪሎ ሜትር? በየትኛው መንገድ? እዚያ ጋ እጃቸውን ያወጡት እናት፣ ከእርስዎ እንጀምር።